«ድሃ ነው» የሚል ማኅተም

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ በአገራችን የማይመሰክረው ነገር የለም። ሰው መኖሩን ይመሰክራል፤ አለማግባቱን ይመሰክራል፤ ሲሞትም መሞቱን ይመሰክራል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን አንደኛው ዓይነት ሁልጊዜ ይከነክነኛል። «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ተማሪ ወላጆቹ በቂ ገቢ የሌላቸውና ልጃቸውን ለማስተማር አቅም ያነሳቸው ችግረኞች ስለሆኑ አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት ዘንድ እንጠይቃለን» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ፤ ከፊርማው ላይ ክብ ማኅተም ያርፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በማኅተም የተረጋገጠ ድሃ ነው።

የተቸገረን ልጅ የአዳሪ ትምህርት ቤት ወጪውን ችሎ ማስተማር በጎ ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እኔም አልጠራጠርም። የሚያከራክረን ካለ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ልጁ እንጀራውንና ደብተሩን ለማግኘት ድህነቱን እንዲያስመሰክር መጠየቅ ተገቢ ነው ወይ? «ካልጠየቅን ሀብታሙ የድሃውን ድርሻ ይበላዋል» የሚል መልስ ወዲያው እንደሚሰነዘር አውቃለሁ። ቀላል መልስ አይደለም፤ እደርስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ነገሩ በማን ላይ እንደሚደርስ ማየት ያሻል። የማውቀው አገር ደብረ ማርቆስና ዙሪያው ነውና ከዚያው ልነሣ።

በዚያ አካባቢ ገጠር የብዙው ቀበሌ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ አገር ሰላም በሆነ ጊዜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድና ከጎዛምን ቀበሌዎች ወደ ከተማ የሚወርድ የተማሪ ጭፍራ መንገዱን ይሞላዋል። ጀርባቸው ላይ ያዘሉት ስንቅ ነው፤ የአምስት ቀን እንጀራ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ፣ በሶ፣ ካለ ድንች። ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ፍራሽ ያለው መሬት ላይ ያነጥፋል። እንጀራው እስከ ረቡዕ ደኅና ነው፤ ሐሙስ ሻጋታውን ጠርገው ይበሉታል፤ ዓርብ ከትምህርት መልስ ባዶ ከረጢታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ይወጣሉ። ይህንን ኑሮ ማንም አዳሪ ትምህርት ቤት ብሎ ሲጠራው አልሰማሁም። ለኔ ግን ወጥ ቤትም፣ ሞግዚትም፣ አጥርም የሌለው አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት እሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መንገዱም ልጅ የሚልኩበት መንገድ መሆኑ ቀረ። አጥር ያለው፣ ማታ በሩ የሚዘጋ፣ የሚበላ የማይጠፋበት ትምህርት ቤት ድሮም የሚመኙት ነበር፤ አሁንማ የዕድሜ ጉዳይ ሆነ። የሚሰጡት ቦታዎች ግን ጥቂቶች ናቸው። የፈላጊው ብዛት ሲጨምር የማስረጃውም ጥያቄ ይጠብቃል።

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ከጓሮዋ ሁለት ክፍል ሠርታ እንዲህ ላሉ ተማሪዎች ታከራያለች። ከተከራዮቿ አንዱ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከስናን በኩል የመጣ ልጅ ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን አንደኛ ወጥቶ ሲጨርስ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ቅጽ ሰጠው። ሞልቶ ከነማስረጃው ቢመልስና ቢመረጥ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በአዳሪ ትምህርት ቤት ይማራል። እኔ ጋዜጠኝነት መማሬን ከአክስቴ ሰምቶ ኖሮ ቅጹን ይዞ መጣ።

ቅጹ «የቤተሰብ የወር ገቢ» ይላል። ገበሬ ወር የሚባል ደመወዝ የት ያውቅና! ገንዘብ የሚያየው እህል ሲያስወጣ ነው፤ ያየውንም ለማዳበሪያ ዕዳና ለግብር ይከፍለዋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ «የቤተሰብህን ችግር በዝርዝር ግለጽ» የሚል አለ፤ ዐሥር ባዶ መስመር ተትቶለታል። ልጁ መስመሮቹን ቆጠራቸውና «ጋሼ፣ ምን ችግር አለ ብዬ ልሙላው?» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም። ቤታቸው ጥንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ ጥቂት በጎች፣ አምስት ጥማድ መሬትና ለሽያጭ የደረሰ ባሕር ዛፍ አለ። አባቱ በሰፈሩ በሬ የሚያውሱ እንጂ የሚዋሱ ሰው አይደሉም። ልጁ ድሃ መሆኑን የሰማው ከቅጹ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ድሃ ነው ወይስ አይደለም? ባለ ጥንድ በሬ አገሩ ላይ ጌታ ነው። የበዓል ጠላው አይጎድልም፤ ዝክር ሲደርሰው አያንስም፤ ለተቸገረ ቁና እህል ያበድራል። ያው ሰው ከተማ ወርዶ የልጁን የአራት ዓመት የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ የልብስና የመጻሕፍት ወጪ ከፋይ ሲሆን በአንድ ሌሊት ይደኸያል። በሬዎቹን ቢሸጥ አንድ ዓመት ያስተምርና ሁለተኛውን ዓመት የሚያርስበት ያጣል። ችግሩ እውነተኛ ነው። ግን የዚህ ሰው ችግር ከሱ የጎደለ ነገር ሳይሆን በመንደሩና በዘጠነኛ ክፍል መካከል ያለው ርቀት ነው። ቅጹ ርቀቱን አይጠይቅም።

አባቱ ለገበያ በወረዱ ጊዜ አክስቴ ቤት ተገናኘን። ቡናውን ይዘው ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ልጄን ለማስተማር ብዬ በሬዎቼን ልካድ?» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ሰው ከብቱን የሚደብቀው ሌባ ፈርቶ ነው። እኔ ማንን ፈርቼ ልደብቅ?» አሉ። እኔ ለልጁ ያለውን እንዳለ ጻፍኩለት፤ በሬውንም፣ ላሟንም፣ ጥማዱንም። ከቤታቸው እስከ ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጻፍኩ። ድሃ የሚለውን ቃል አልጻፍኩም። ዳሩ ምን ይሆናል፤ ቃሉ ከቀበሌ ይመጣል። አባቱ ሦስት ቀን አመንትተው አራተኛው ቀን ሄዱ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ጎረቤቶቻቸው ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ጉዳዩን ሰምቶ «አንተ ድሃ ከሆንክ እኛ ምን ልንባል ነው?» አለ። ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም አሉኝ፤ ደብዳቤውም ወዲያው ተጻፈላቸው። ልጁም ተመረጠ። ከዚያ በኋላ ግን ማኅበር በተጠጣ ቁጥር ጠላ የሚቀዳው ሰው ወደሳቸው ሲደርስ «ለድሃውም ቅዱለት» የሚል ቀልድ ወጣ። ቀልዱ ዓመት አለፈው።

ይህንን ያነሣሁት ለአንድ ሰው ኩራት ልሟገት ብዬ አይደለም። በኛ አገር «የሰው ፊት እሳት ነው» ይባላል። የበጎ አድራጊው ሒሳብ ያዥ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመጻሕፍት የወጣውን ብር በየመደቡ ይጽፋል። አባቱ በዚያች በረንዳ ላይ የከፈሉት ግን የትኛውም መደብ ላይ አልሰፈረም። ሰጪ የነበረ ሰው በጎረቤቱ ፊት ከተቀባዮች ወገን ተቆጠረ። ትምህርቱ ነፃ ነው መባሉን ለዚህ ነው የማልቀበለው።

«እንዴ! የጎጃም ሰው ደግሞ ለምኖ ለመማር ከመቼ ወዲህ ነው ማፈር የጀመረው?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ እነዚህ ሁሉ የቅኔ ቤቶች መብራት ሆነው የኖሩት በቁራሽ እንጀራ ነው። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ከመቅሰማቸው በፊት የተማሩት በዚሁ አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ነው፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብሩ» በዛብህም ከዚሁ የቆሎ ተማሪ ኑሮ የወጣ ሰው ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ለቀፈፋ ይወጣል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሰጠው ይሰጠዋል፤ ያልሰጠው «እግዜር ይስጥልኝ» ይለዋል።

እንግዲህ ያ ልመና ያላዋረደውን ይህ ማኅተም ለምን ያዋርዳል? ልዩነቱ ያለው በመለመኑ ላይ አይመስለኝም። የቆሎ ተማሪ ቤት ሲገባ የባለ ርስቱ ልጅም ደበሎ ይለብሳል፤ የቄሱም ልጅ ይለብሳል፤ አባቱ ያልታወቀውም ይለብሳል። ቤቱ ጎተራ ሙሉ እህል ያለው ልጅ ከድሃው ልጅ ጋር አብሮ ቀፈፋ ይወጣል። መለመን የትምህርቱ ክፍል እንጂ የድህነቱ ምስክር አልነበረም። ሌላም ነገር አለ። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ከአገሩ ርቆ ነው የሚማረው፤ ኩርማን እንጀራ የምትሰጠው እናት የማን ልጅ እንደሆነ አታውቅም፤ ልታውቅም አትጠይቅም። የሷም ልጅ ሌላ አገር፣ ሌላ እናት ደጅ እንደቆመ ታስባለችና። ሰጪዋ ውለታ አልዋለችም፤ ተቀባዩም ውለታ አልገባም። ዕዳው ከአገር አገር ይዞራል እንጂ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይወድቅም። ያን ተማሪ ማንም «ድሃ መሆንህን አስመስክር» አላለውም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪ መሆኑን።

እንዲህ ስል ያንን ኑሮ ላሞካሸው አልፈልግም። በውሻ የተነከሰው፣ በእከክና በተስቦ ያለቀው፣ ከየኔታ አለንጋ ሸሽቶ የጠፋው ተማሪ ብዙ ነው። ሴት ልጅም በዚያ በር አልገባችም ማለት ይቻላል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ እርዳታ የሚያሳፍረው እርዳታ በመሆኑ አይደለም። ሁሉም የሚያደርገው ነገር አያሳፍርም። ከመቶ ልጅ መካከል ዐሥሩን ነጥሎ «እናንተ ተነሡ» ሲባል ነው እፍረቱ የሚፈጠረው።

ይህ የኛ ብቻ ነገር አይደለም። ለንደን ከተማ ውስጥ በ1552 እ.ኤ.አ. ለድሃ ልጆች ተብሎ የተቋቋመ «ክራይስትስ ሆስፒታል» የሚባል ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬ ከለንደን ወጥቶ ገጠር ይገኛል። ልጆቹን ሰማያዊ ረጅም ካፖርትና ቢጫ ካልሲ አለበሷቸው። ያን ጊዜ ልብሱ የምጽዋት ልጅ መሆንን ከሩቅ የሚናገር ምልክት ነበር። ትምህርት ቤቱ ልብሱን እስከ ዛሬ አልለወጠውም። ዛሬ ሙሉ ክፍያ የሚከፍልም፣ ግማሽ የሚከፍልም፣ ምንም የማይከፍልም ያንኑ ካፖርት በነፃ ተቀብሎ ያንኑ ይለብሳል፤ ተማሪዎቹም ይኮሩበታል። ጨርቁ ያው ነው። የተለወጠው የሚለብሱት ሰዎች ብዛት ነው።

እኛም ዘንድ ይህ የታወቀበት ጊዜ ነበር። ኮተቤ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። (ዊንጌት ራሱ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ በጎጃም በኩል የገባ መኮንን ስለሆነ ደብረ ማርቆስ ለስሙ እንግዳ አይደለችም።) ከየጠቅላይ ግዛቱ በፈተና ተመርጦ የመጣ ልጅ የባላባት ይሁን የገበሬ አንድ መኝታ ቤት ያድራል፤ አንድ ገበታ ይቀርባል። ዩኒቨርሲቲውም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን እንደዚያው ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥርዓት ሲመጣ እንኳ ተማሪው ውል የሚፈርመው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ሊከፍል ነው እንጂ ድሃ ነኝ ብሎ አይደለም። ሁሉም ይፈርማል፤ ሁሉም ይበላል። ካፌው ውስጥ የማን አባት ምን እንዳለው ከሽሮው አይታወቅም።

አሁን ወደ ከባዱ መልስ ልምጣ። የድሮው አዳሪ ትምህርት ቤት በፈተና ብቻ ይመርጥ ነበር፤ ፈተና ግን ዓይነ ስውር ዳኛ አይደለም። መብራት ባለው ቤት ያጠናና ሁለት ሰዓት ተጉዞ በኩራዝ ያጠና ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ሲፈተኑ የመጀመሪያው ቢበልጥ ምን ይገርማል? ዛሬ በየክልሉ ያሉት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በውጤት ጎልተው ይታያሉ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት ጊዜ እንኳ አዳሪዎቹ ተለይተው ወጡ። በዚህ ውጤት የተደሰተ ሰው ልክ ነው። ቢሆንም ወደ እነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚያስገባውን ፈተና ማን ያልፈዋል ብሎ መጠየቅም ልክ ነው። ስለዚህ ችግርን አንቁጠር ማለት አይቻልም። ካልተቆጠረ በሩ የከተማ ልጅ በር ይሆናል። ክርክሩ መቆጠር አለበት አይቆጠር በሚለው አይደለም፤ ማን ይመስክር በሚለው ላይ ነው።

የኔ ሐሳብ ቦታው ይመስክር የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ከመቶ ዐሥር በሚሆነው የላይኛው እርከን የጨረሰ ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ፈቀደች። የድሃው ሰፈር አንደኛ ከሀብታሙ ሰፈር አንደኛ ጋር እኩል ሆነ፤ ማንም የማንንም ኪስ አልፈተሸም። እኛስ ለያንዳንዱ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ፣ ቢቻል ሁለት የአዳሪ ቦታ ብንመድብ? ስምንተኛ ክፍልን አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ይሂዱ። ከስናን ቀበሌ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ርቀቱን፣ ኩራዙንና ስንቁን ትምህርት ቤቱ መስክሮለታል። አባቱ በሬውን መካድ አያስፈልገውም። «የከተማ ሀብታም ልጁን ገጠር ወስዶ ያስመዘግባል» ትሉኝ ይሆናል። ያስመዝግብ! ልጁ የሚቀመጥበት ክፍል መስኮትና በር እንዲኖረው ከማንም በፊት የሚጮኸው እሱ ይሆናል።

የግድ የገቢ ማስረጃ ያስፈልጋል የሚል ድርጅት ካለም፣ ገንዘቡ የሱ ነውና፣ ልጁን ሳይሆን ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቅ። የመሬቱ መጠን በወረዳው መዝገብ ላይ አለ። የልጁን ችግር ልጁ ራሱ እያሳመረ እንዲጽፈው ማድረግ ግን ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ዐሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አንባቢን የሚያስለቅስ ድህነት መጻፍ ይማራል። ጎበዝ ጸሐፊ የሆነው ያልፋል፤ ይበልጥ የተቸገረው፣ ግን አፉን የያዘው ይቀራል። ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ መጨረሻ ለማያውቀው ለጋሽ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከክፍል ተጠርቶ ይሰለፋል። ምስጋና ክፉ ነገር አይደለም፤ በቀጠሮ የሚሰጥ ሲሆን ግን ኪራይ ይመስላል።

ሴት ልጅ ላይ ሲደርስ ነገሩ ከእፍረት ያልፋል። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ዕድሜዋ ሳይደርስ የምትዳር ልጅ ብዙ ናት። ከተማ ወርዳ ብቻዋን ክፍል ተከራይታ የምትማረው ደግሞ የሚጠብቃት የቤቱ መቀርቀሪያ ብቻ ነው። ለሷ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ከምግብና ከመጻሕፍት በፊት የሚዘጋ በር ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ስም «ችግረኛ ሴት ተማሪዎች» በሚል ርእስ ሥር ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ አለ። ዝርዝሩን የሚያነቡት እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉ ብቻ አይደሉም። የሚረዳት እንደሌለ ማወቅ የሚፈልግ ጎልማሳም ያነበዋል፤ ባለ ሱቁም ያነበዋል፤ ዕድሉ ቢቀርባት ምን እንደምትሆን የሚያውቅ መምህርም ያነበዋል። ችግሯ የታወቀባት ልጅ ዋጋዋ የታወቀ ይመስላቸዋል። አክስቴ ሴት ተማሪዎች ስታከራይ የየትኛው ድርጅት ተረጂ እንደሆኑ ለማንም አትናገርም፤ እነሱም እንዳይናገሩ ትመክራለች። ዲግሪ የላትም፤ ግን ካየኋቸው የምርጫ መመሪያዎች ሁሉ የሷ ይሻላል።

ማኅተሙ አንድ ጊዜ ተመትቶ ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር። ብዙዎቹ ድርጅቶች ማስረጃው በየዓመቱ እንዲታደስ ይጠይቃሉ፤ ድህነቱ እንዳለ መሆኑ ይረጋገጥ ዘንድ። የስናኑ ልጅ አሁን ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ጎበዝ መሆኑን አላቆመም። አባቱ ባሕር ዛፋቸውን ሽጠው ቤታቸውን ቆርቆሮ ሊያለብሱ አስበው ነበር፤ ቆርቆሮውንም ገዙ። አጣሪ ይመጣል፣ የቤት ክዳን ይቆጠራል ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ እሳቸው ግን የሰሙትን አምነዋል። ባለፈው ገና አክስቴን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ስለ ቤቱ ጠየቅኋቸው። ቆርቆሮው በወንድማቸው ቤት ከጎተራው ጀርባ ተደርድሯል። ልጁ ዐሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ ሁለት ክረምት በሣሩ ሥር እንደሚያሳልፉ ነገሩኝ፤ አንደኛው ጥግ ያፈሳል።